የነገሌዋ ጊታር

ወደ ሐዋሳ ለእረፍት በወረዱ ቁጥር አርሲ ነገሌን አልፈዋታል። ምናልባት ነዳጅ ቀድተውባት፣ ምናልባት ለልጆች ሙዝና ውሃ ገዝተውባት ይሆናል። ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው፣ ሻሸመኔ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀርዎት፣ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው መንገዱን ሲያጨናንቅብዎት «ይቺ ደግሞ ማን ትባላለች?» ብለው በመስኮት አይተዋትም ይሆናል። እኔም አጎቴ እዚያ ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ እንዲሁ አልፌያት እሄድ ነበር።

ቤተሰቡ በሙሉ «ጋሽዬ» ነው የሚለው። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ባለፈው ጥር አንድ ማታ ደወለና ስለ ጤናችን ከጠየቀ በኋላ፣ የአየር ሁኔታ የሚያወራ ያህል ቀለል አድርጎ «ጊታሯን ልሸጣት ነው» አለኝ። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው መጥቶ አይቷታል፤ የሰጠው ዋጋም የአራት ወር ጡረታውን ያህላል። «እናንተ የምትፈልጓት ከሆነ ግን ቅድሚያው የናንተ ነው። ስቀሏት ግን አልላችሁም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ወረድኩ። ይህን የምጽፍልዎትም መንገዱን እርስዎም በዚያው ዓይነት እንዲሄዱበት ብዬ ነው፤ ማለትም ዘፈኖቹን በቅደም ተከተል እየሰሙ። ከመነሳትዎ በፊት እንደ ማንኛውም የአገራችን ረጅም ጉዞ የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ይጠይቁ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከከተማ ይውጡ፤ በስልክዎ ላይም ዘፈኖቹን ቀድመው ያውርዱ። መንገድ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ የልጅ ጭቅጭቅ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ሞጆ ላይ አዳማን በፊት ለፊት ትተው ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ስምጥ ሸለቆው ይከፈትልዎታል። እኔ እዚያ ላይ ኤልቪስ ፕሪስሊን ከፈትኩ። በኋላ የመጣውን ባለ ዶቃ ልብሱን ወፍራም ኤልቪስ ማለቴ አይደለም፤ ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለአንድ የኤሌክትሪክ ድርጅት የጭነት መኪና እየነዳ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1954 ሜምፊስ ከተማ ሰን በተባለች ጠባብ ስቱዲዮ የቀዳውን ነው። ስኮቲ ሙር ኤሌክትሪክ ጊታር ይመታል፤ ቢል ብላክ ቁመቱ ሰው የሚያህለውን ቤዝ ይዟል፤ ኤልቪስ ራሱ ተራ ጊታር ያንኳኳል። በቃ፣ ሦስት ሰው።

«ከበሮው የታለ?» አለ የአሥር ዓመቱ ልጄ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከበሮ የለማ! የሚሰማው ቋቋታ ቢል ብላክ የቤዙን ክር እየሳበ ሲለቀው ከእንጨቱ አንገት ጋር የሚጋጭበት ድምፅ ነው። ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሰው ደግሞ ደግሞ የሚመልሰውም ሳም ፊሊፕስ የሚባለው የስቱዲዮው ባለቤት ሁለተኛ ቴፕ አጠገቡ አስቀምጦ ድምፁን በቅንጣት ሰከንድ አዘግይቶ ይመልሰው ስለነበር ነው። ይህን ዓይነት ሙዚቃ «ሮካቢሊ» አሉት። «ቢሊ» የመጣችው የከተማ አሜሪካኖች የተራራውን ገበሬ ከሚሰድቡባት ቃል ላይ ነው። እኛ «ባላገር» ስንል አንዳንዴ የምንጨምርባትን ፌዝ ያስቡ። ስድቡን ዘፋኞቹ ራሳቸው አንስተው ስም አደረጉት፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ፀጉራቸውን በቅባት ወደ ኋላ እየላጉ የዚያን ዘመን ጊታር የሚያሳድዱ ሽማግሌዎች ሞልተዋል።

መቂን ሳናልፍ ወደ ራሳችን ሰው ተመለስን። የኢትዮጵያው ኤልቪስ ይባል የነበረው አለማየሁ እሸቴ ነው። በወጣትነቱ የኤልቪስን ፊልሞች አይቶ አበደ፤ ፀጉሩን አሳደገ፣ እንደ አሜሪካኖቹ ለበሰ፣ ዘፈኖቻቸውንም በእንግሊዝኛ ዘፈነ። ከጓደኞቹ ጋር ሆሊውድ እንገባለን ብለው ተነስተው ኤርትራ ድረስ ሄደው ነበር፤ ከዚያ አላለፉም። ስሙ የገነነው ግን፣ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር ነው። ከፖሊስ ኦርኬስትራ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1969 የአምሃ እሸቴ ድርጅት ያሳተመውን የመጀመሪያ ሸክላ ዘፈነ። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተሙ መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ ገና ወጣት ነው፤ ሕጉን እያወቀ ተዳፈረና ሸክላውን ውጭ አገር አስቀርጾ አመጣ። አልታሰረም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድስት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ዛሬ «የወርቃማው ዘመን ሙዚቃ» የምንለው በአብዛኛው የዚያ ድፍረት ውጤት ነው።

«ተማር ልጄ»ን ስናሰማ የ14 ዓመቷ ልጄ «ይሄንን እማ አውቀዋለሁ፣ ትምህርት ቤት ያሰሙናል» ብላ ፊቷን አዞረች። አይፈረድባትም። ማስታወቂያ የሆነ ዘፈን ዘፈን መሆኑ ይረሳል። እርስዎ ግን ግጥሙን ለአንድ ጊዜ ይተዉትና ከስር ያለውን ጊታርና ቤዝ ብቻ ለመስማት ይሞክሩ። ሜምፊስ ጥላው አለች፤ ዜማው ግን ከኛ ቅኝት ወጥቶ አያውቅም።

ባቱ ላይ ለምሳ መድረስ አለብዎት። ዝዋይ ስንል ያደግን አሁንም አፋችን ይስታል። የሐይቁ ቆሮሶ ተጠብሶ በዳጣ ሲቀርብ የልጆቹ ጆሮ ለጊዜው ይዘጋል፤ ስለዚህ ታሪኩን እኔም እዚህ ላይ ለእርስዎ ብቻ ልቀጥል።

ጊታር ወደ ገጠር ከተሞቻችን እንዴት ገባ? አዲስ አበባ ክለብ ነበራት፤ አስመራ የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ነበራት። አሰላና መሰሎቿ የነበሯቸው የሰላም ጓድ መምህራን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ ወጣት አሜሪካውያን በአንድ ጊዜ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ተበተኑ፤ ከዚያም በየዓመቱ ሌሎች መጡ። ብዙዎቹ ኮሌጅ የጨረሱ፣ ሬዲዮና ጊታር ይዘው የመጡ ልጆች ነበሩ። ጋሽዬ አሰላ ተማሪ ሳለ የሒሳብ መምህሩ ከነዚህ አንዱ ነበር። ሁለት ዓመቱን ጨርሶ ሲመለስ ለአውሮፕላን ሸክም አይመችም ብሎ ጊታሯን ለጋሽዬ ትቶለት ሄደ። ሺካጎ የተሠራች ሃርመኒ ናት። ውድ አይደለችም፤ በአገሯ ለጀማሪና ለድሃ ልጅ የምትገዛ ነበረች። የመጀመሪያዎቹ የሮካቢሊ ልጆች የተማሩትም እንደዚህ ባሉ ርካሽ ጊታሮች ነው።

ከባቱ በኋላ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ ከዚያ በስተግራ ላንጋኖ። እዚህ ላይ አሊ ቢራን ይክፈቱ፤ አደራ፣ ከዚህ ቀደም ብለው አይክፈቱት። የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ከአፍራን ቀሎ ቡድን የወጣ። ዑድም ጊታርም ይጫወታል፤ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ ዘፍኗል። በኦሮምኛ መዝፈን በሚያስጠይቅበት ዘመን ጊታርን በኦሮምኛ ያናገረ ሰው ማለት እሱ ነው። የግራሩ ጥላ በሜዳው ላይ ሲረዝም የእሱ ጊታር ለምን እንደሚስማማ ለማስረዳት ቃል የለኝም። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ ውስጥ አረፈ። አለማየሁ ደግሞ ቀድሞት ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሄዷል፤ አምሃ እሸቴም በዚያው ዓመት። ባለቤቴ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ «የቀሩትን ሳይሄዱ ማን እየጠየቃቸው ነው?» አለች። እኔም ወደ ጋሽዬ የምሄደው ጊታር ተሸጠ ስለተባለ እንጂ ልጠይቀው ብዬ እንዳልሆነ ትዝ አለኝና መልስ አልሰጠኋትም።

ነገሌ ከመግባትዎ በፊት የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ጊዜ ካለዎት ይግቡ። ሰጎኖችና የሜዳ ፍየሎች በሩ አካባቢ ስለማይጠፉ ልጆች ይደሰታሉ። ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ ዳር ዳሩ ላይ ፍል ውሃ ይፈልቃል። አብያታ ግን ያሳዝናል። በልጅነቴ ያየሁት የውሃ ዳርቻ ዛሬ ነጭ አሸቦ ሜዳ ሆኗል፤ ፍላሚንጎዎቹን ለማየት ብዙ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ለመስኖ ተጠልፏል፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ተስቧል።

አርሲ ነገሌ ከፍታ ላይ ናት፣ ከላንጋኖ ሙቀት ሲመጡ ነፋሷ ያንቀጠቅጥዎታል። ሹራብ አይርሱ። ከተማዋ በአረቄ የታወቀች ናት፤ በየጓሮው ሴቶች ድፍድፉን በጋን ጥደው፣ እንፋሎቱን በቱቦ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ እየመሩ ጠብ ጠብ ሲያደርጉት ይውላሉ። ስንት ልጅ በዚያ ጠብታ ተምሮ ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ጋሽዬ ይቆጥርልዎታል፤ ስንት ዛፍ ለማገዶ እንደወደቀም አይደብቅዎትም። ጭስና ጌሾ የተቀላቀለበት ሽታ የከተማዋ መታወቂያ ነው።

ጋሽዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ልጆቹን ግንባራቸውን ሳመ፤ ቡና ተፈላ፤ ስለ ጊታሯ ማንም አላነሳም። ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ ተነስቶ ከመኝታ ቤት በነጠላ የተጠቀለለች ነገር አመጣ።

ጊታሯ ትንሽ ናት። ቀለሟ ዳር ዳሩ ጠቁሮ መሐሉ ቡናማ ነው። አንገቷ ጎብጧል። ከስድስቱ ክር ሦስተኛው የለም፤ አምስተኛው ደግሞ እውነተኛ ክር ሳይሆን የስልክ ሽቦ ነው። «በደርግ ጊዜ ክር ከየት ይመጣል?» አለ። ልጄ ስልኩን አውጥቶ ስሟን ፈለገና «ጋሽዬ፣ ውጭ አገር ሰብሳቢዎች በዶላር ነው የሚገዟት!» ብሎ ጮኸ። ጋሽዬ ሳቀ። «ያ ሰውዬም ይህን አይቶ ነዋ የመጣው።»

ያን ዕለት የነገረኝን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወጣት መምህር ሆኖ ነገሌ ሲመደብ ቅዳሜ ማታ አረቄ ቤት ይጫወት ነበር። «ፈረንጁ ያስተማረኝ ሦስት ኮርድ ነው። በሦስቱ ኮርድ የኤልቪስን ስዘፍን ሰው በአክብሮት ያዳምጠኛል፤ ግን ማንም አይነሳም። አንድ ቀን ኮርዱን ተውኩና እንደ ክራር መታኋት። ትዝታ። ያኔ ቤቱ ተነሳ።» አለማየሁ እሸቴ ላይ የደረሰው እዚህች ጠባብ ቤትም ደርሶ ነበር ማለት ነው። ትዝታ አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ኮርድ ካልጫኑበት ጊታር ላይ ልክ እንደ ክራር ይቀመጣል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ቅዳሜ ማታ የሚባል ነገር ጠፋ። ሰዓት እላፊው ዓመታት ቆየ። አዲስ አበባ ውስጥ እነ አይቤክስ፣ በኋላም ሮሃ ባንድ፣ ሆቴል ውስጥ በር ተዘግቶ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ የሰላም ስዩምን ጊታር የሰማንበት ካሴት ሁሉ ከዚያ የተረፈ ነው። ነገሌ ግን ራስ ሆቴል የላትም። ጋሽዬ ጊታሯን በነጠላ ጠቀለላትና አልጋ ሥር አስገባት። ሸክላ መታተሙ ቀርቶ ዘመኑ የካሴት ሲሆን እሱም አድማጭ ብቻ ሆኖ ቀረ። ካሴቶቹ ሁለት ካርቶን ሙሉ ዛሬም አሉ። አንዳንዶቹ ሻግተዋል። (እርስዎም ቤት ካሉ፣ ከማጫወትዎ በፊት በእርሳስ ቀስ ብለው ያላሉት፤ ቴፑ ከተጣበቀ አያስገድዱት፤ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ዛሬውኑ ወደ ኮምፒውተር ያስገልብጡት። ነገ አይጠብቅዎትም።)

«ታዲያ ለምን ትሸጣታለህ?» አልኩት።

ግራ እጁን ዘረጋልኝ። ሪህ ጣቶቹን ቆልፏቸዋል። «መጫን አልችልም። እኔ ቤት ሞታ ከምትቀመጥ…»

እውነቱን ልንገርዎት፣ መልስ አልነበረኝም። እኛ ቤት ብንወስዳት የት እንደምናደርጋት አውቃለሁ፤ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ። በየሬስቶራንቱ ግድግዳ ላይ ክር የሌላቸው ክራሮች ተሰቅለው አይተዋል አይደል? ናፍቆታችን ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ዕቃውን እንወዳለን፣ ድምፁን ግን ለማውጣት ጊዜ የለንም። ያ ሰብሳቢ ቢያንስ ዋጋዋን አውቆ መጥቷል።

ልጄ ከሁለት ዓመት ወዲህ በስልክ እያየች ጊታር ትለማመዳለች፤ የጎረቤት ጊታር ተውሳ። አንስታ አቀፈቻትና የምታውቀውን መታች። ቅኝቱ የተበላሸ ነው፣ ክር ጎድሏል፣ ነገሩ ሁሉ ተንጋደደ። ጋሽዬ ፊቱን አኮማተረ። «አምጪ» አለ። በቀኝ እጁ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ እያዞረ፣ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ አልመለሰላትም። «አጠገቤ ተቀመጪ። አንቺ ተጫኚ፣ እኔ ልምታ።»

እሱ ጊታሯን አቅፏል፤ አንገቷን የያዘችው እሷ ናት። «ሁለተኛው ብረት ላይ። እዚህ። አሁን ልቀቂ። አሁን ደግሞ አራተኛው ላይ።» መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ትእዛዙ እንጂ ዜማው አልነበረም። ስድስት ሰባት ጊዜ ከተሳሳቱ በኋላ ትእዛዙ እየቀነሰ መጣ። ሦስተኛው ክር በሌለበት ቦታ ሲደርሱ ጋሽዬ ድምፁን በአፉ ይሞላዋል። ለማር የመጣች ጎረቤት እቃዋን ይዛ በር ላይ ቆመች፤ «አካም ኦልተ» ለማለት እንኳ አልተነፈሰችም። ልጄ የሚሆነውን በስልኩ ቀዳው። ለማንም አላሳየሁትም፤ ግማሹ «አይደለም፣ አይደለም፣ እሱን ልቀቂ!» ነው።

በማግስቱ ልጆቹን ሻሸመኔ ወሰድኳቸው። ጃማይካውያኑ አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በሰጡት አምስት ጋሻ መሬት ላይ የመሠረቱትን ሰፈር አሳየኋቸው፤ ቦብ ማርሌም እ.ኤ.አ. በ1978 እዚህ መጥቶ ነበር። በየግድግዳው ላይ ጊታር ተስሏል። ቆንጆ ነው፣ እርስዎም ይሂዱና ይዩት። ልጄ ግን ቶሎ እንመለስ ትል ጀመር።

ማደሪያ ከፈለጉ ላንጋኖ ዳር ለቤተሰብ የሚሆኑ ሎጆች አሉ፤ ነገሌ ውስጥ ደግሞ ቀላል ፔንሲዮኖች። እኛ ጋሽዬ ቤት መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተን አደርን። እሑድ ከሰዓት ስንወጣ ጊታሯ በነጠላዋ ተጠቅልላ መኪናው ውስጥ አልገባችም። ጋሽዬም አልሸጣትም። ልጄ የትምህርት ቤት እረፍት ሲደርስ ተመልሳ ልትመጣ ተስማምተዋል፤ እስከዚያ ድረስ ሦስተኛውን ክር መግዛት የእኔ ድርሻ ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ደወለ። የኔን ጤና አልጠየቀም።

«ክሩን ገዛኸው?»

«ገና ነኝ ጋሽዬ፣ በዚህ ሳምንት…»

«አንድ አይደለም፣ ስድስቱንም ግዛ። ያን ሽቦ አውጥቼ እጥለዋለሁ። ደግሞ ቀጭኑን ይሁን፤ አንገቷ ጎብጧል፣ የወፍራሙን ስበት አትችለውም። አሁን ልጅቷን አገናኘኝ።»